ከጋሽ ቆይ ጋር እስከ ኩሬው

ዓለም ላይ ያለ መናፈሻ ሁሉ ዛፍ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ አንድ አስቋሚም አለው። ዛፉ ሊደርቅ፣ ወንበሩም ሊሰበር ይችላል፤ አስቋሚው ግን ዝናብ ጣለ ፀሐይ ወጣ ከቦታው አይታጣም። አስቋሚ ማለት እግርዎ ሞቅ ሲል፣ ትንፋሽዎ ልኩን ሲያገኝ፣ ልብዎ «አይ፣ ገና ነኝ እኮ!» ማለት ሲጀምር ከኋላ ጠርቶ የሚያስቆምዎ ሰው ነው። ለምን እንዳስቆመዎት ቢጠይቁት ምክንያት አያጣም። ምክንያት የሚያጣ አስቋሚ ገና ተለማማጅ ነው።

የኛ መናፈሻ አስቋሚ ክቡር ጋሽ ቆይ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም ሳይኖር አይቀርም፤ ግን ከመግቢያው በር እስከ መጀመሪያው ጥድ እንኳ «ቆይ እስቲ!» ሳይሉ ደርሰው ስለማያውቁ ይሄው ስም ሆኖ ቀረ። እሳቸውም አልተቀየሙም። «ስም ከልብስ ይሻላል፤ ሳይለካም ይገጥማል» ይላሉ።

በጡረታ ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቁን ዘጉ እንጂ ሙያውን አልዘጉም። ሜትራቸው እስከ ዛሬ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ የጃኬታቸው ኮሌታ ውስጥ ክር የገባበት መርፌ ተሰክቶ ያድራል። ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ በመጨረሻ ጊዜ ከተረፋቸው ፊቱን ያያሉ። እኔን ለብዙ ጊዜ ሰላም ሲሉኝ የነበረው በቀኝ ትከሻዬ ነው፤ ከግራው ዝቅ ይላል አሉ።

ከጋሽ ቆይ ኋላ ሻለቃ ይከተላሉ። ሻለቃ ውሻ ናቸው። አንቱ ማለቴ ለቀልድ እንዳይመስልዎ፤ በዚያ ዕድሜና በዚያ ግርማ ላይ አንተ ለማለት አፌ አይደፍርም። ጆሯቸው ረጅም፣ ገላቸው ቡናማ፣ አፋቸው ዙሪያ ደግሞ ሽበት በሽበት ነው። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ቡችላ ሳሉ ያደጉት ሱቁ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው ስር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝተው ነው፤ ፔዳሉ ትክ ትክ ሲል እንቅልፍ ይወስዳቸው ነበር አሉ። አሁንም ዝናብ ቅጠል ላይ ሲንጠባጠብ ባሉበት ቆመው ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ጋሽ ቆይ ውሻቸውን «ሻለቃ፣ ይነሱ እንጂ፣ ጉዞ ነው» እያሉ ነው የሚቀሰቅሱት፤ እኛም አንቱታውን የለመድነው ከሳቸው ነው።

እኛ ስል የቅዳሜ ጧት ተጓዦችን ማለቴ ነው። አንደኛው የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ክንዱ ላይ እርምጃውን፣ የልብ ምቱን፣ እንቅልፉን ሳይቀር የሚለካ ሰዓት አለው፤ የሚኖረውም ለሰዓቱ ነው። ሁለተኛዋ የሂሳብ መምህሯ ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ስትጮህ ከርማ ቅዳሜ ድምጿን ልታሳርፍ ትመጣለች፣ ግን አታሳርፈውም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ሐኪሜ ደም ግፊቴን ለክቶ «ወይ በእግርህ ትሄዳለህ፣ ወይ በሰው ትከሻ» ስላለኝ በእግሬ መሄዱን መረጥኩ። እኔ ደግሞ ከሄድኩ መድረስ እወዳለሁ። ቀጠሮ ቦታ ቀድሜ ደርሼ፣ ሌላው በሰዓቱ ሲመጣ የምናደድ ሰው ነኝ።

መንገዳችን ከበሩ ይነሳና በጥዶቹ መሃል ያልፋል፤ የእንጨቷን ድልድይ ይሻገርና ዳገቷን ወጥቶ ኩሬው ጋ ያበቃል። ኩሬው ዳር ትንሽ ተቀምጠን፣ ሻለቃ ውሃ ጠጥተው፣ በመጣንበት እንመለሳለን። ጤነኛ ሰው ለሻይ ሰዓት ቤቱ ይገባል። ከጋሽ ቆይ ጋር የሚሄድ ግን ቤተሰቡን ተሰናብቶ ይውጣ።

የጥርስ ሐኪሙ አንድ ቀን በሕይወቱ አግኝቶት የማያውቀውን ፍጥነት አገኘ። ሰዓቱ በደስታ ይጮኻል። ይሄኔ ከኋላ «ቆይ እስቲ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«ዶክተር፣ ይሄን እጅጌ ማነው የሰፋው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ተሰፍቶ ነው የገዛሁት!»

«እሱማ ያስታውቃል። ሰውዬው ልብስ አልሰፋም፤ ቂሙን ነው የተወጣው። ና እስቲ፣ ክንድህን ዘርጋ። አትቸኩል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

ምን ያድርግ፣ ክንዱን ዘርግቶ ቆመ። ክቡርነታቸው ስፌቱን እየዳሰሱ ስለ ክር፣ ስለ ገበር፣ ስለ ዘመኑ ልብስ ሰፊዎች ትምህርት ሰጡን። ሻለቃ እግራቸው ስር ጋደም ብለዋል። ጉሙ ከጥዶቹ ሥር ቀስ እያለ ይነሳል። በመጨረሻ የጥርስ ሐኪሙ ሰዓቱን ቢያየው «መልካም እንቅልፍ» ይላል።

መምህሯንም አልማሯትም። ድልድዩ መሃል አስቁመው የሹራብሽን ቁልፍ ካልሰፋሁ አሏት።

«ጋሽዬ፣ ቁልፉ እኮ አልተበጠሰም!»

«ሊበጠስ ነው የኔ ልጅ። የተበጠሰውንማ ማንም ያየዋል። ልብስ ሰፊ የሚያየው ሊበጠስ ያለውን ነው።»

«እሺ፣ ሲበጠስ እሰፋዋለሁ!»

«ያኔማ የታለና? ወንዝ ገብቶ ዓሣ ሲጫወትበት ነው የምታገኚው።»

ተሸነፈች። እሷ በክርክር ስትሸነፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መርፌው ይገባል ይወጣል፣ ከእግራችን ስር ውሃው ይሄዳል፣ ሻለቃ ሳንቃው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ውሃውን በደህናው ዓይናቸው ይከተላሉ። ጋሽ ቆይ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። ቁልፉ ግን እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም፤ ይሄን መምህሯም ትመሰክራለች።

የማያውቁትንም ሰው አይምሩም። ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ የሚሮጥ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ እጃቸውን እንደ ትራፊክ ዘርግተው አስቆሙትና ዚፑ ጥርስ መጉደሉን አረዱት። «ዶክተር፣ ጥርስ ያንተ ሥራ ነው፣ ና እየው» ብለውም የጥርስ ሐኪሙን ጠሩ። ጎረምሳው ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ ነው የሚሮጠው፣ አልፈርድበትም።

እኔማ እንዴት እናደድ ነበር! አንድ ቅዳሜ ትዕግሥቴ አልቆ ጥያቸው ሄድኩ። በምሄድበት ፍጥነት ሄጄ፣ ዳገቷን ወጥቼ፣ ብቻዬን ኩሬው ዳር ደረስኩ። ደረስኩና ምን ላድርግ? ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። ሰማዩም ውሃው ውስጥ ተኝቷል። አንድ ቅጠል ወደቀና ክብ ሠራ፤ ክቡ እየሰፋ መጥቶ እግሬ ጋ ጠፋ። «እዩት!» ልል ዞር ብል ማንም የለም። ተነስቼ ወደኋላ ተመለስኩ። ገና ድልድዩ ጋ ነበሩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ገና ድልድዩ ጋ!

እውነቱን ካወራን ግን ያ ሁሉ መቆም አንድ ነገር አስለምዶኛል። ድሮ ጥድ ማለት ለኔ በጎንና በጎኔ የሚያልፍ አረንጓዴ ነገር ነበር። አሁን ብርሃኑ በቅጠል መሃል ሾልኮ መንገዱ ላይ ሲጋደም አያለሁ። አንዲት ወፍ ጀምራ የተወችውን ዜማ ሌላዋ ከማዶ ስትጨርሰው እሰማለሁ። ጋሽ ቆይ የአንዱን ኮሌታ ይዘው ሲያወሩ ድምፃቸው እየራቀ፣ እየራቀ ይሄድና በቁሜ ሕልም የማይ ይመስለኛል፤ ጧት ይሁን ከሰዓት፣ ልጅ ልሁን ሽማግሌ ይጠፋኛል። ከዚያ «በሉ እንሂድ» ሲሉ ነቅቼ መናደዴን እቀጥላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ተራው የሱሪዬ ሆነ። ድልድዩን ስንሻገር «ቆይ እስቲ!» አሉና ጎንበስ ብለው ጠርዙን ገልብጠው አዩት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ለቀቁኝ። ትንሽ እንደሄድን፣ ዳገቷ መጀመሪያ ላይ፣ አሁንም «ቆይ እስቲ!» ያው ሱሪ፣ ያው እግር።

«ጋሽ ቆይ፣ ይሄን እኮ አሁን ድልድዩ ጋ አይተውታል!»

«እ? እዚህ ብርሃኑ ሌላ ነው።»

ቁልቁል ሳያቸው ዓይናቸው ሱሪዬ ላይ የለም። በእግሮቼ መሃል አሻግረው ሻለቃን ነው የሚያዩት። ሻለቃ የኋላ እግራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ለመጋደም ክብራቸው አልፈቅድ ብሎ ቆመው ያለከልካሉ። ጋሽ ቆይ ሱሪዬን እንደያዙ ጠበቁ። ሻለቃ እኛ መቆማችንን ሲያዩ ቀስ ብለው ተጋደሙ። ትንፋሻቸው ረጋ አለ፣ እግራቸውም መንቀጥቀጡን ተወ። ያን ጊዜ ጋሽ ቆይ ሱሪዬን ለቀቁት። እጅጌውም፣ ቁልፉም፣ ዚፑም ለምን እንደነበር የገባኝ እዚያ ጋ ቆሜ ነው።

«ሱሪዬ ምንም አልሆነም አይደል?» አልኳቸው።

«ሱሪህማ ምን ይሆናል» አሉ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለህ አውራ፣ ሻለቃ ይሰማሉ።»

የጥርስ ሐኪሙና መምህሯ ቀድመውን ሄደዋል። ጋሽ ቆይ መሬቱ ላይ ቁጭ እንዳሉ ነገሩኝ።

«ባለቤቴን፣ ሲስተርን፣ ታውቃታለህ።» የማያውቃቸው የለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሆስፒታል የዋርድ ኃላፊ ነርስ የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው እንኳ የሰውን ትኩሳት በዓይን የሚለኩ ሴት ናቸው። «ክፉ አይደለችም። እንዳይሞት ተብሎ የሚሰቃይ ሰው ስታይ ነው የኖረችው፤ አንጀቷ እዚያ ነው ያለቀው። ሻለቃ ማርጀት ሲጀምሩ አስቀምጣ ነገረችኝ። ‹ስማ፣ ኩሬው ድረስ ሄዶ ውሃውን ጠጥቶ እስከተመለሰ ይሄ ውሻ ኑሮ አለው። ያልደረሰ ቀን ግን ሐኪሙ ጋ ወስደን በመርፌ በሰላም እናሳርፈዋለን። አንተ ደስ እንዲልህ ብዬ እንስሳ አላሰቃይም› አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ቃል ገባሁ። ያኔ ሻለቃ ኩሬው ጋ ከኔ ቀድመው ነበራ የሚደርሱት!»

«አሁንስ?»

«አሁንም ይደርሳሉ። ቅዳሜ ስመለስ ‹ደረሰ?› ትለኛለች፤ ‹ደርሷል› እላታለሁ። እሷን መዋሸት አልችልም። ይድረስ አለች እንጂ በአንድ ትንፋሽ ይድረስ አላለችም።»

«ታዲያ ለምን በግልጽ ‹ሻለቃ ደክመዋል፣ እንቀመጥ› አይሉንም?»

«ልታዝኑላቸው? ሰው ሲያዝንልህ የቀረህም ጉልበት ይከዳሃል፣ አላየህም? በዚያ ላይ ወሬ እግር አለው። ከኔ ቀድሞ ቤቴ ይገባል።»

እኔ ጋ ደግሞ ምስጢር አያድርም። ዳገቷ መሃል ሲጠብቁን የነበሩት የጥርስ ሐኪሙም መምህሯም ሰሙ።  መምህሯ የሹራቧን ቁልፍ ስትነካካ ኩሬው ጋ ደረስን።

ከዚያ ወዲያ መናፈሻው አስቋሚ በአስቋሚ ሆነ። መምህሯ በየጥዱ ስር ቆማ «ይሄስ ዕድሜው ስንት ይሆናል?» እያለች ትመራመራለች። የጥርስ ሐኪሙ ያን የመሰለ ሰዓቱን ቤቱ ጥሎ መምጣት ጀመረ፤ ወፍ ካላየሁ አልንቀሳቀስም ይላል፤ ወፍና ቅጠል የማይለይ ሰው! የኔ ጫማ ውስጥ ጠጠር ይገባል፤ አንዱን ሳወጣ ሌላው ይተካል። ጋሽ ቆይ «ቆይ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ እኛ ቆመናል።

«እናንተ ልጆች፣ ሥራዬን ልትነጥቁኝ ነው እንዴ?» አሉ አንድ ቀን፣ ተቀይመው ይሁን ተደስተው ሳይለይ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኛም በዚያው አካሄድ ቅዳሜን በቅዳሜ ላይ እየደረብን፣ ሻለቃ ኩሬው ጋ እየደረሱ፣ ውሃቸውን እየጠጡ ከረምን። ክረምቱ አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ ሌላ ቅጠል መጣ። ያን ጊዜ መቼ ጀምሮ መቼ እንዳለቀ ብጠየቅ አላውቅም፤ አንድ ረጅም ጧት ሆኖ ነው ትዝ የሚለኝ።

የመመለሻ ሰዓታችን ግን እየራቀ ሄደ። ሲስተር ደግሞ ሰዓት የሚሸወዱ ሰው አይደሉም። «ለምሳ ነበር የምትመለሰው፤ አሁን ለእራት ሊሆን ነው። ምንድነው እዚያ ጫካ ውስጥ የምትሠሩት?» ብለዋቸው ኖሯል። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ላይ ስንደርስ ሲስተር ነጭ የሥራ ጫማቸውን አድርገው፣ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ቆመዋል። ጋሽ ቆይ ከጎናቸው አሉ፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ዛሬ እኔም ከናንተ ጋር ኩሬውን አያለሁ» አሉ ሲስተር።

አካሄዳቸው አሁንም የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው፤ የሆነ በሽተኛ ደወል የደወለ ይመስላል። መጀመሪያው ጥድ ጋ የጥርስ ሐኪሙ «ወፍ!» ብሎ ቆመ።

«ቁራ ነው» ብለውት አለፉ።

መምህሯ ዛፍ ደግፋ «ሲስተር፣ ይሄ ግን ስንት ዓመት ይሆነዋል?» አለች።

«ከኔ ያንሳል። እንሂድ።»

እኔም ጠጠሬን ሞከርኩ። «አራግፈህ ድረስብን» ተባልኩ።

ሻለቃ ያን ቀን የሄዱት አካሄድ ከዓይኔ አይጠፋም። አንድም ጊዜ ሳይቆሙ፣ ጭራቸውን ቀጥ አድርገው ድልድዩን ተሻገሩ። ሲስተር ፊት መውደቅ ያልፈለጉ ነው የመሰለኝ። ዳገቷ መጀመሪያ ላይ ሲደርሱ ግን የኋላ እግራቸው ታጠፈ። ተጋደሙ። ኩሬው ከዳገቷ ማዶ ነው፤ የውሃው ሽታ እዚያ ድረስ ይመጣል።

«ሻለቃ፣ ይነሱ እንጂ» አሉ ጋሽ ቆይ ጎንበስ ብለው። «ትንሽ ናት እኮ የቀረችው።»

ሻለቃ ጭራቸውን ብቻ መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ወይኔ ወገቤን!» ብላ መምህሯ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። የጥርስ ሐኪሙ ራሱን አዞረው። እኔም ቁርጭምጭሚቴን ይዤ ወደቅሁ፣ የትኛውን እግር እንደሆነ ግን አላስታውስም።

ሲስተር ዞረው አንድ በአንድ አዩን። «ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ታመማችሁ? ዕድሜዬን ዋርድ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ እኮ! የታመመውንና የሚያስመስለውን ከበር ነው የምለየው። ተነሱ!»

ማናችንም አልተነሳንም። ለራሴ ደም ግፊት እንኳ ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ቆይ ሜትራቸውን ካንገታቸው አውርደው እጃቸው ላይ ይጠመጥሙታል፣ ይፈቱታል። «ሰዎቹን ተያቸው፣ ለኔ ብለው ነው» አሉ በመጨረሻ። «አልደረሰም። ዛሬ አልደረሰም። ቃሌ ቃል ነው፤ ያልሺውን እናደርጋለን።»  ዓለሙን ሁሉ ሲያስቆሙ የኖሩ ሰው በዚያች ሰዓት «ቆይ» አላሉም። እንዴት እንደምወዳቸው ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ተነስቼ እኔ ልልላቸው ነበር።

 ሲስተር በጉልበታቸው ተንበርክከው መዳፋቸውን ሻለቃ ጎን ላይ አሳረፉ። የሻለቃን ከንፈር ገለጥ አድርገው ድዳቸውን አዩ። የኋላ እግራቸውን ተራ በተራ ቀስ ብለው አጠፉ፣ ዘረጉ፤ ሲያጥፉና ሲዘረጉ የሻለቃን ፊት ያያሉ። ጆሯቸውን የሻለቃ ደረት ላይ ለጥፈው ብዙ አዳመጡ። ጉሙ ከዳገቷ ወርዶ መጥቶ ዙሪያችንን ያዘ። ሻለቃ ደህናውን ዓይናቸውን ገልጠው ሲስተርን አዩ፤ አንድ ጊዜ እጃቸውን ላሱ፤ ከዚያ ራሳቸውን የሲስተር ጭን ላይ ጣል አድርገው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

«የሚያመው ነገር የለም» አሉ ሲስተር ለማንም ሳይሉ። «አርጅቷል፣ በቃ።»

ሻለቃ እንዳይነቁ እየተጠነቀቁ ጎንበስ ብለው የነጭ ጫማቸውን ክር ፈቱ። አንዱን አወለቁ፣ ሌላውን አወለቁ፣ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ጋሽ ቆይ።

«ጫማው ጠበበኝ። ከዚህ ወዲያ አልሄድም።» ደረቁን መንገድና የረገፈውን ቅጠል ዙሪያ ገባውን አዩ። «ደግሞ ምኑ ነው ያልደረሰው? ከዛሬ ጀምሮ ኩሬው እዚህ ነው።»

ከቦርሳቸው የውሃ ጠርሙስ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አንቆረቆሩ። ሻለቃ በከፊል ነቅተው፣ ሳይነሱ፣ ቀስ እያሉ ጠጡ።

ጋሽ ቆይ ቃል የሚያከብሩ ሰው ናቸውና ይሄን ሳያጣሩ አልቻሉም። «በሚቀጥለው ጊዜ እዚህስ መድረስ ቢያቅተው?»

«ድልድዩ ጋ ይሆናላ። ከዚያ በሩ ጋ ይሆናል። ከዚያ አልጋችን ስር ይሆናል። ኩሬው ሲጠሩት ይመጣል፤ እንዳንተ ግትር አይደለም። ና ቁጭ በል አሁን።»

ጋሽ ቆይ አጠገባቸው ተቀመጡና በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መምህሯ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወደ ውሃው ዘረጋች፤ ይቀዘቅዛል አለች። ሁላችንም ጉሙ መንገዱ ላይ እንደ ኩሬ ውሃ ዝርግት ብሎ ሲተኛ አየን። ፀሐይዋ ከጥዶቹ በላይ ወጥታ ስታበራበት የጥርስ ሐኪሙ መሬት ያስቀመጠውን ቦርሳ እንዳይረጥብ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።